የአንሰልሞ መስኮት

አንሰልሞ የተገኘው ምድጃው አጠገብ በጀርባው ተዘርግቶ ነው። ማጅራቱ ላይ ተፈንክቷል፤ የምድጃው ድንጋይ ጠርዝ በደም ርሷል። ዓይኖቹ ግን ተከድነዋል፤ የመላጫ መስታወቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ፒየትራፎስካ ሰው የማይኖርባት መንደር ናት። ከሠላሳ ዓመት በፊት ተራራው ተንዶ ግማሿን ሲውጣት የተረፈው ሕዝብ ሸለቆው ውስጥ ወደተሠራለት አዲስ ሰፈር ወረደ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በቅዱስ ሮኮ ቀን፣ ሁሉም ለቅዳሴ ይወጣል፤ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተነቋቁሮ ይመለሳል። አንሰልሞ ብቻ ዓመቱን ሙሉ እየወጣ የአባቱን ቤት ሲጠጋግን ኖረ። ዘንድሮ በበዓሉ ቀን እዚያው ቀረ።

የካራቢኒየሪ ፖሊስ አዛዧ ኤርሲሊያ ስትደርስ ሕዝቡ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ፍርስራሹን ለጎብኚ እያሳየ የሚተዳደረውን የሚላኖ ሰው ሬናቶን ምንጩ ዳር ከበውታል።

«ቡና ቤት ውስጥ አንሰልሞ ‹ቤቴን አትረግጥም› ሲለው ሁላችንም ሰምተናል! ምን ይጠብቃሉ? ካቴናውን ያግቡለት እንጂ!»

ሬናቶ ፊቱ አመድ መስሏል። «ታርቀን ነበር እኮ» አለ። «ዛሬ ቤቱን ሊያሳየኝ ቀጥሮኝ ነው የመጣሁት። ሚስቴ ልትወልድ ደርሳለች፤ እባክዎ፣ ሰው ስለጮኸ ብቻ አይሰሩኝ።»

«መታረቃችሁን ማን ያውቃል?»

«እሱ ብቻ።»

ምስክሩ ሬሳ የሆነበት ሰው ያሳዝናል። ኤርሲሊያ ግን አዘነችለትም አመነችውም አትባልም፤ ሥራዋ መጠርጠር ነው። ለጊዜው በሁለት ፖሊሶች አስጠብቃው ወደ ቤቱ ገባች።

ከሬናቶ ጋር ሬሳውን ያገኘው የሟቹ የእህት ልጅ ኢቮ በሩ ላይ ቆሟል። ቱሪን ያደገ፣ ጫማው አቧራ እንዳይነካው የሚሳቀቅ ሰው ነው።

«ስትገቡ መስኮቱ ክፍት ነበር?»

«እንዲሁ ነበር። ማንም አልነካውም።»

«ቤቱን የሚወርሰው ማነው?»

«እኔ። አይጡንና ሸረሪቱን ጨምሮ።»

«ሰው ሲሞት መስኮት ለምን እንደሚከፈት ታውቃለህ?»

«ነፍሱ እንድትወጣ። እናቴ ሁሌ ትለዋለች። ቱሪን ብትከፍቺ የሚገባው የመኪና ጭስ ነው!»

ኤርሲሊያ መስኮቱን ዳበሰችው። እንጨቱ ወፍራም፣ አሠራሩ ያልተስተካከለ ነው። «ይሄን ማን ሠራው?»

«አጎቴ። ናዳው የጣለውን የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ቆርጦ። ያስታውቃል፣ አናጺ አልነበረም።»

የኢቮ እናት ዶሚቲላ፣ የአንሰልሞ ብቸኛ እህት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ከቅዳሴ በፊት የት ነበሩ?»

«መቃብር ቦታ፣ እናቴ ዘንድ። ብቻዬን።»

«ወንድምዎን አላዩትም?»

«ተራራው ከተናደ ወዲህ ያንን ደጃፍ ረግጬው አላውቅም፣ ልጄ። አንጀቴ አልችል አለ። ይልቅ ያንን የሚላኖ ሰው እሰሩትና ወንድሜን እንቅበር።»

ኤርሲሊያ ሬሳውን አልጋው ላይ አስተኝታ አንሶላ አለበሰችው። መስኮቱን በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችው። ከዚያ ሬናቶን፣ ኢቮንና ዶሚቲላን ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር አስገባች። ክፍሉ ታፈነ። የዶሚቲላ መቁጠሪያ ቆመ፤ ዓይኗ ከተዘጋው መስኮት አልነቀል አለ።

«ሙቀቱ አይቻልም» አለች ኤርሲሊያ። «ኢቮ፣ እስቲ ክፈተው።»

ኢቮ ጎተተ፤ ንቅንቅ አላለም። «ተቸንክሯል እንዴ?»

«የቱሪን ክንድ!» አለ አንዱ ሽማግሌ።

ሬናቶም ሞከረ፤ ላብ ብቻ ተረፈው።

«ተዉ!» ዶሚቲላ ተነሣች። «እሱ እዚህ ታፍኖ እናንተ ትቀልዳላችሁ!» እጀታውን ወደ ላይ አነሣች፤ የታችኛውን ጥግ በጉልበቷ መታችው። መስኮቱ ተበረገደ። አማተበች። ዞር ስትል ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነበር።

«እማማ» አለች ኤርሲሊያ በቀስታ፣ «ዓይን የከደነ፣ መስታወት ያዞረ፣ መስኮት የከፈተ ሰው ሲሞት አጠገቡ ነበር። ሌባና ጠላት እንደዚያ አያደርግም፤ የሚወደው ሰው ነው። ልማዱን ልጅዎም ያውቃል። መስኮቱ ግን ሌላ ነው። አንሰልሞ የሠራው ከናዳው በኋላ ነው። እርስዎ ከናዳው ወዲህ እዚህ አልገባሁም ብለውኛል። ታዲያ ጉልበትዎ መላውን ከየት ተማረ?»

አሮጊቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ ጠዋት» አለች። «መስኮቱ እንቢ ሲለኝ በእጄም በጉልበቴም ስመታው ነው የተከፈተልኝ። ወንድሜ ከዚህ ሰውዬ ጋር ታርቄያለሁ አለኝ። ‹እኛ ስናልቅ ማን ያስታውሰናል? ሰው መጥቶ ይየው› አለኝ። እናቴ የሞተችበትን አልጋ በቲኬት! ገፈተርኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፈተርኩት።»

«ሬናቶ ሲከበብስ?»

«ዝም አልኩ። ባዕድ ነው፣ ምን አገባኝ አልኩ።» ቀና ብላ አየችው። «ልጅህን ግን አሰብኩ። እግዜር ያውቃል፣ አሰብኩ።»

ፖሊሶቹ የሬናቶን እጅ ለቀቁት፤ እሱ ግን የሚሄድበት የጠፋው ይመስል ባለበት ቆመ።

ሊወጡ ሲሉ አንዱ ሽማግሌ አጉተመተመ። «መስኮቱ ይዘጋ እንጂ። ነፍሱ ከወጣች በኋላ ካልተዘጋ ትመለሳለች።»

«የሚዘጋው ዘመድ ነው» አለች ኤርሲሊያ።

ዶሚቲላ እጀታውን ያዘች። ከውጭ የፈረሱት ቤቶችና ሣር የወረሰው ጎዳና ይታያሉ። ከዚያ እጇን ከእጀታው አነሣች።

«ተዉት» አለች። «ይመለስ።»