አፉን የማይሰማው ፕሮግራም

የመኪና ፈታሹ ኡልፍ ሮይሽሌ የሞተው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሽቱትጋርት ወጣ ብሎ ባለ የመኪና መፈተሻ አዳራሽ ውስጥ ነው። ያለ ሾፌር የሚሄደው መኪና ፊት ተንበርክኮ ካሜራውን ሲያስተካክል መኪናው ድንገት ተነሥቶ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ኮሚሳር ሄፌሌ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም፤ የአዳራሹ ኃላፊ ዶክተር አስትፋልክ ግን ጥፋተኛ አግኝቶ ጨርሷል።

«ፕሮግራሙ ነው የገደለው፤ የጻፈችው ደግሞ ቪብከ ናት» አለና ወረቀት ዘረጋላት። «ራሱ ፕሮግራሙ የያዘው መዝገብ ይኸው። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ‹ወደ ፊት ሂድ› የሚል መልእክት አለ።»

ሄፌሌ በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች፤ ሬሳ ሳይነሣ ጥፋት የሚያከፋፍል አለቃ ግን ዛሬም ያስጠላታል። ወረቀቱን በሁለት ጣት ተቀበለችው።

ቪብከ ጥግ ላይ ተቀምጣ እጇን ታያለች። ክሱ ከጸና እስር ቤት ይጠብቃታል። እሷን ያሳመማት ግን እስሩ አልነበረም፤ ጓደኛዬን በእጄ ገደልኩ ብላ አምናለች። መኪናው እንዴት እንደሚነጋገር ስትጠየቅ በደከመ ድምፅ አስረዳች። ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ መሪው ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ፕሮግራሟ ሶኬት በሚባል በር በኩል መስመሩ ላይ ይናገራል፣ በዚያው በር ይሰማል፣ የሰማውንም ይመዘግባል። መልእክቱ የትእዛዙ ቁጥር እንጂ የላኪ ስም የለውም።

«ታዲያ ማን እንደተናገረ በምን ይታወቃል?»

«አይታወቅም።»

«የሐሜት ሰፈር በሉኛ» አለች ሄፌሌ።

ያን ቀን መስመሩ ላይ የነበሩት ኮምፒውተሮች ሦስት ናቸው፤ የቪብከ፣ የመካኒኩ የጎትሎብ፣ ፎቅ ላይ ደግሞ በገመድ የተያያዘው የዶክተሩ። ጎትሎብ በሰዓቱ ውጭ ቅቤ የተቀባ ብሬትሰል ዳቦውን ይበላ ነበር፤ ያየው ሰው ግን የለም። ኡልፍ መኪናው ለመንገድ አልደረሰም ብሎ ፊርማውን መከልከሉን፣ ዶክተሩ ግን ዓርብ መንገድ ላይ አወጣዋለሁ ብሎ ለበላዮቹ ቃል መግባቱን የነገራት ጎትሎብ ነው። የመልእክት ቁጥሮች በተቀየሩ ቁጥር ሁሉም አዲሱን ዝርዝር ተቀብሎ የሚፈርምበትን ወረቀትም አሳያት። የሰኞው ላይ የቪብከ፣ የጎትሎብና የኡልፍ ሦስት ፊርማ አለ፤ የዶክተሩ ቦታ ባዶ ነው።

ለምን እንዳልፈረመ ስትጠይቀው ዶክተሩ ፈገግ አለ። «ቁጥር መቀያየር የበታቾች ሥራ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ ጊዜ የለኝም።»

በሦስተኛው ቀን ሦስቱንም መኪናው ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ቪብከን፣ በዚያው ፕሮግራም መኪናውን ጥሩምባ እንድታስነፋው አዘዘቻት። መኪናው ጮኸ።

«መዝገቡ ላይ ምን አለ?»

ቪብከ አየች፤ ደግማ አየች። «ምንም የለም።»

«አሁን እርስዎ፣ አቶ ጎትሎብ፣ ከራስዎ ኮምፒውተር።»

መኪናው እንደገና ጮኸ። በዚህኛው ጊዜ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ተጻፈ።

«እንዲህ ነው ነገሩ» አለች ሄፌሌ። «ይህ በር የራሱን አፍ አይሰማም፤ ካላዘዙት በቀር ሌላው ሲናገር ብቻ ነው የሚሰማው። ገዳዩን መልእክት ቪብከ ልካው ቢሆን መዝገቧ ላይ ባልኖረ ነበር። ድንጋጤ ይህን አስረሳት። ዶክተር ሆይ፣ ይወነጅላታል ብለው ያመጡልኝ ወረቀት ነጻ የሚያወጣት ነው። ፕሮግራም ጽፈው ስንት ዓመት ሆነዎ?»

ዶክተሩ ሰዓቱን አየ።

«ቀሩ ሁለት። ገዳዩ መልእክት የተላከው ሰኞ በተተወው በአሮጌው ቁጥር ነው፤ መኪናው እስከ ዓርብ ሁለቱንም ይቀበላል። የአቶ ጎትሎብን ኮምፒውተር አስመርምሬአለሁ፤ ሰኞ አዲሱ ሲጫን አሮጌው ዝርዝር ጠፍቷል። አሮጌው የቀረው ስብሰባውን የናቀ ሰው ዘንድ ብቻ ነው።»

ሁለት ፖሊሶች ቀረቡ። አስትፋልክ ኮቱን አስተካከለ፤ ሰው የገደለ ሳይሆን ባቡር ያመለጠው ይመስል ነበር።

«ያለ እኔ ይህ መኪና መንገድ አይወጣም» አለ።

ቪብከ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «አይውጣ፤ ኡልፍም ያለው ይህንኑ ነበር።»

ከዚያ መሬቱ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።