ሃይላንዱ ሺሺንዳ ሳይደርስ

ኑኃሚን የፕላስቲክ ሃይላንዱን እንደገና ነቀነቀችው። ውስጡ የጨመረችው አደንጓሬ ተንሿሿ፤ ዮሲም አፉን ለለቅሶ እንደከፈተ ቀረ።

«አየሽው?» አለች ወደ ጓደኛዋ ወደ ሜሪ ዞራ።

«እስኪ አቁሚው።»

አቆመች። ትንሹ ወንድሟ ፊቱን አጨማደደ። ነቀነቀችው፤ ሳቀ። ከዚያ በአራት እግሩ እየዳኸ መጣና ሃይላንዱን በሁለት እጁ ቀምቷት ራሱ ይነቀንቀው ጀመር። ድምፁ የሚወጣው ከገዛ እጁ መሆኑ ሲገባው ዓይኑ ፈጠጠ።

እናታቸው አልጋነሽ ቦንጋ ገበያ ውስጥ ኮረሪማና ቅመም ትሸጣለች። ከትምህርት ቤት መልስ ዮሲን መጠበቅ የኑኃሚን ሥራ ነው። ዮሲ ደግሞ ካልታቀፈ አይሆንለትም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና እየቀረበ ነበር፤ ኑኃሚን ግን በአንድ እጇ ልጅ፣ በሌላው ደብተር ይዛ ማጥናት ሰልችቷታል። አደንጓሬውን ጠርሙስ ውስጥ የጨመረችው ሌላ ሁሉ ሞክራ ሲያቅታት ነው።

«አቦ፣ ሌላም እንሥራለት» አለች ሜሪ። ሊሠሩት የጀመሩት ሒሳብ በዚያው ተረሳ።

በዚያ ሳምንት ቤቱ የጨርቅ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ሆነ። ከአሮጌ ካልሲ ኳስ ሠሩ፤ ሆዱን በስፖንጅ ሞልተው የኮረሪማ ልጣጭ ሲጨምሩበት ዮሲ አፍንጫውን ቀብሮበት አልለቅም አለ። ሹራብ፣ ጆንያና የብስኩት ላስቲክ ጎን ለጎን ሰፍተው መሬት ላይ ሲዘረጉለት፣ አንዱን ይዳስስና ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ላስቲኩ ኮሽ ሲል ደንግጦ እጁን ይሰበስባል፤ ተመልሶ ይነካዋል። ከሁሉም የበለጠው ግን የቀይ ሥሩ ሃይላንድ ነበር። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውኃ ሞልተው ዘይት ጠብ አደረጉበትና መስኮቱ ጋ ገለበጡት። የዘይቱ ጠብታዎች ብርሃን ይዘው በቀዩ ውኃ ውስጥ ቀስ ብለው ሲወጡ፣ ዮሲ ብቻ ሳይሆን ሁለቱም ልጃገረዶች ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት።

«ገበያ ውስጥ ስንት ልጅ አለ መሰለሽ፣ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የሚያለቅስ» አለች ሜሪ። «ለምን አንሰጣቸውም?»

ኑኃሚን ሐሳቡን ወደደችው። ከየሻይ ቤቱ ባዶ ሃይላንድ ለቀሙ፤ አጠቡ፤ አደረቁ፤ አደንጓሬ ጨመሩባቸው። ጫማ ሰፊው ጋሽ አስፋው ክዳኖቹን እንዲያጣብቁበት ከጣሳው ሥር የቀረውን ማስቲሽ ሰጧቸው። ማስቲሹ ግን ግማሹን ሳያዳርስ አለቀ።

«በደንብ ካጠበቅነው ይበቃል» አለች ሜሪ፤ ጥርሷን ነክሳ አንዱን አጠበቀችና ሰጠቻት። «በይ ክፈቺው።»

ኑኃሚን ሞከረች፤ አልተከፈተላትም። ትንሽ አመነታች። የገበያው ቀን ቅዳሜ ግን ነገ ነበር፤ ሃይላንዶቹ ለገበያው ልጆች እንዲደርሱ ቸኩላለች።

«ይሁን» አለች።

ቅዳሜ ኑኃሚን ዮሲን መጠበቅ ስለነበረባት ገበያ የወጣችው ሜሪ ብቻዋን ነበረች። ከሰዓት በኋላ ፊቷ በርቶ፣ ጫማዋ ጭቃ እንደለበሰ ተመለሰች።

«አንድ አልቀረም! ቅቤ የሚሸጡት እትዬ በዛወርቅ እንኳን፣ እኚያ ሰው የማይጥማቸው፣ መርቀውኛል። ከሺሺንዳ ከተማ ማር ይዘው የሚመጡት እትዬ ላቀችም ወሰዱ። ልጃቸው ሃይላንዱን ስትይዝ ብታዪያት…»

«እሳቸውም ለሕፃን መስጠቱን አልፈሩም?»

ሜሪ ፈገግ አለች። «ትንሽ ፈርተው ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አይታዋለች አልኳቸዋ። ለሁሉም እንደዚያ አልኩ።»

«ምን? ማን አይቶት?»

«ኧረ ባክሽ፣ ምን ችግር አለው? ትንሽ ፎገርኳቸው፣ በቃ።»

ኑኃሚን ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ከኋላዋ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ተበተነ። ዞረች። የዮሲ ሃይላንድ ክዳኑ ወልቆ ተጋድሟል፤ አደንጓሬው በየቦታው ተንከባሏል። ዮሲ አፉን ከፍቷል፤ ድምፅ ግን አይወጣውም።

እንዴት እንደደረሰችበት አታውቅም። ክንዷ ላይ በሆዱ ገልብጣ ጀርባውን መታችው። ደገመችው። አንዲት አደንጓሬ በምራቅ ተለውሳ ወለሉ ላይ ጠብ አለች፤ ዮሲም አየር ስቦ ጮኸ። ያን ያህል ደስ ያሰኛት ለቅሶ ሰምታ አታውቅም። አቅፋው ቁጭ አለች።

ሜሪ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። «ይሄኛው… ማስቲሽ ያልነካው ነው?»

«አዎ። ገበያ ከወሰድሻቸውም ውስጥ ያልተጣበቁ አሉበት።»

«የኛው ብቻ ሊሆን ይችላል'ኮ። በደንብ አጥብቄያቸዋለሁ። አሁን ሄደን ብንናገር ውሸታሞች ነው የሚሉን። እናቴ ከሰማች…»

ኑኃሚን ከወለሉ ተነሣች። ዮሲን ጀርባዋ ላይ አዝላ ነጠላውን ደረቷ ላይ አሰረች። የሌሎቹ ሴቶች ቤት እዚሁ ቦንጋ ነው፤ እትዬ ላቀች ግን ወደ ሺሺንዳ በአውቶቡስ ይሄዳሉ።

ቁልቁለቱን በጭቃው እየተንሸራተተች ወረደች። መናኸሪያው ደጃፍ ስትደርስ የአውቶቡሱ ሞተር ተነሥቷል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሺሺንዳ፣ ሺሺንዳ» ይላል። መስኮት መስኮቱን እያየች ሮጠች። እትዬ ላቀች ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ ልጅቷ ሃይላንዱን እየነቀነቀች ትስቃለች።

«እትዬ ላቀች፣ ይቅርታ። ሃይላንዱን ይመልሱልኝ።»

«ምነው ልጄ? ሰጥቶ መንሳት አለ እንዴ?»

«ክዳኑ ይከፈታል። አሁን ወንድሜን አደንጓሬ አንቆት ነበር።»

ሴትዮዋ ፊታቸው ተለወጠ። «ነርሷ አይታዋለች አላላችሁም?»

ኑኃሚን አንገቷን ደፋች። እውነቱን ማውጣት አለባት፤ የጓደኛዋን ስም ማንሳት ግን ከበዳት።

«አላየችውም» አለ ከኋላዋ የሚያለከልክ ድምፅ። ሜሪ ነበረች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኗል። «ማንም አላየውም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

እትዬ ላቀች ሃይላንዱን ከልጅቷ ወስደው ክዳኑን በሁለት ጣታቸው ጠመዘዙት። ዞረ። በመስኮቱ አወጡላቸው። ልጅቷ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ሴትዮዋ አንገታቸውን አወጡ። «በሚመጣው ገበያ የማይከፈት ሠርታችሁ ጠብቁኝ። ይቺን ልጅ ዝም ያሰኛት እሱ ብቻ ነው።»

ሁለቱም አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆሙ። ከዚያ ኑኃሚን በድንገት የሜሪን ክንድ ያዘች።

«ሃይላንዱን ከነክዳኑ ጨርቅ ውስጥ ብንሰፋውስ? ቢከፈት እንኳ አደንጓሬው የትም አይሄድም።»

ሜሪ ቀና አለች። «ወፍራም ጨርቅ። የጂንስ። ስፌቱን እጥፍ አድርገን።»

«ለነርሷም እናሳያታለን። ጎትታ ትሞክረው።»

«በእውነት?»

«በእውነት። ካልሆነ አንሰጥም።»

ሜሪ ወደ ገበያው አየች። ነጋዴዎቹ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀምረዋል፤ ከሁሉም ፊት እትዬ በዛወርቅ የቅቤ ቅላቸውን እየከደኑ ነው።

«እኔ ልናገር። አንቺ ሃይላንዶቹን ብቻ ተቀበዪ።»

ኑኃሚን ነጠላውን አጠበቀች።

«አብረን ነው የምንናገረው» አለች። «ማስቲሹ ሲያልቅ እኔም ነበርኩ።»

ቀድማ መንገዱን ተሻገረች።