በጣት የታሰረ ብሎን

«እኔ ነኝ የገደልኩት። ጻፉትና ይብቃ» አለ ትልቅየው ወንድም፣ ወንበሩ ላይ በቅጡ እንኳ ሳይቀመጥ።

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አላነሳችም። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም፤ አትጮህም፣ አትቆጣም፣ ብቻ ቀስ ብላ ትወጋለች። ሰው አላደረግኩም እያለ ሲምል ማፋጠጡ ጥርሷን የነቀለችበት ሥራ ነው። ሳይጠየቅ የሚናዘዝ ሰው ሲገጥማት ግን ከማመኗ በፊት ደግማ ትጠይቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሙ በሞተር ሳይክል ዕቃ እያደረሰ የሚተዳደር ወጣት ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ከቤት ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ኩርባው ላይ የኋላ ጎማው ከዳውና ከድንጋይ አጥር ጋር ተላተመ። ሰው ደርሶ ሲያነሳው ነፍሱ ወጥታለች። ከሞተሯ ሆድ ሥር ያለው የዘይት ማፍሰሻ ብሎን በቦታው የለም። ዘይቱ እንዳለ ጎማው ላይ ተርከፍክፏል። ብሎኑን አብሯት የሚሠራው ሳጅን ከመንገድ ላይ ለቅሞ አመጣው፤ ጥርሱ ደህና ነው፣ አልተበላም፣ አልተሰበረም። ሳይጠብቅ ቀርቶ የወለቀ ብሎን ነው።

«እንዴት አድርገህ ገደልከው?» አለችው።

«በመፍቻ አላላሁት። እየነዳ እንዲወልቅበት።»

«ምን አድርጎህ?»

«ትናንት ተጣልተናል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ዘይቷ አልቆባታል፣ እስክቀይርላት አሳርፋት አልኩት። ሥራ አለብኝ አለኝ። በዚያው ተሰዳደብን።»

«አሳርፋት ብለህ የለመንከውን ሰው፣ በነጋታው በዚያችው ሞተር ልትገድለው ተነሳህ?»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። «ጻፉት አልኩዎት እኮ» አለ ድምፁ እየተሰበረ።

ሲያዝ ከኪሱ የወጡት ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ስልክ፣ የቤት ቁልፍ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ብሎን ሥር የሚገባ አዲስ የመዳብ ቀለበት (ሮንዴላ)፣ እና አንድ እርጥብ ቁራጭ ጨርቅ። መርማሪዋ ጨርቁን አንስታ አሸተተችው፤ ደገመችና አሸተተችው።

«ሳሙና ሳሙና ይላል» አለች።

«ንጹሕ ሰው ነዋ!» አለ ሳጅኑ። ቀልዱ ማንንም አላሳቀም፣ እሱንም ጭምር።

ከዚያ ወደ ጋራዡ ሄደች። ባለ ጋራዡን ሰፈሩ «ጋሽ ብሎን» ይለዋል። አፉ ሹል ነው። ወንድማማቾቹ ሞተራቸውን ራሳቸው እየፈቱ ራሳቸው ስለሚገጥሙ ዓይናቸውን ማየት አይወድም ነበር፤ በሰው ፊት የተናገረውም አለ።

«'ይቺ ሞተር አንድ ቀን ትቀብራችኋለች' ብለዋቸዋል አሉ፣ ጋሼ» አለችው።

«ብያለሁ። ምን ልበል ታዲያ? ትልቁ ስልክ ላይ እያየ ሞተር ይፈታል! ስልኩ መፍታቱን ያሳየዋል፤ ምን ያህል እንደሚጠብቅ እጅ እንጂ ስልክ አይነግርም።» እጁን በጋዝ እየጠረገ ዓይኑን አሸሸ። «ዛሬ ጠዋትም መጥቶ ነበር።»

«ለምን?»

«ሮንዴላ ፈልጎ። ዘይቱን ቀይሮ አዲስ ሞልቶባታል፤ የብሎኑ ሮንዴላ አርጅቶ አልይዝ ብሎታል። 'ለጊዜው በጣቴ ነው ያሰርኩት' አለኝ። ወንድምህ ቢነዳትስ አልኩት። 'አይነዳትም፣ ጨርቅ አስሬባታለሁ' አለ።»

«ጨርቅ?»

«የሁለቱ ሕግ ናት። ሥራ ካላለቀ መሪው ላይ ጨርቅ ይታሰራል። ታናሽየው ጨርቁን ካየ ሞተሯን በዓይኑም አይነካት። እኔማ ስቄባቸው አላውቅም ልበል? ጨርቃችሁ ፈቃድ ያለው መካኒክ ሆነ እያልኩ ሳሾፍባቸው ነው የኖርኩት።» የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። «ሮንዴላውን ወዲያው ልሰጠው እችል ነበር። 'ቆይ፣ ይሄን ሥራ ልጨርስ' ብዬ አስቀመጥኩት። እልህ ይዞኝ። ሌላ ምንም ምክንያት አልነበረኝም።»

 መርማሪዋ የተሰበረችውን ሞተር ሄዳ ስታያት መሪው ላይ ጨርቅ የለም። የግራው እጀታ ላይ ግን ዙሪያውን የዞረ የዘይት ምልክት አለ፤ የዘይት ጨርቅ ተጠምጥሞበት የነበረ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ቤታቸው ጠባብ ግቢ ነው፣ ደጁ በሲሚንቶ የተለሰነ። የሟች ሚስት በር ላይ ቁጭ ብላለች፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ክር አሁንም ቀሚሷ ላይ ተጣብቋል። መርዶው የደረሳት ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ነበር።

«ባለቤትሽ ጠዋት አነጋግሮሽ ነበር?» ስትል መርማሪዋ ጠየቀቻት።

«ደወለልኝ። 'ሞተሯ ተሠርታ አልቃለች፣ ወንድሜ ሌሊት ነው መሰል የሠራት፣ እኔ ደግሞ አኩርፌው ተኛሁ። ስመለስ እክሰዋለሁ' አለኝ።» ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ደስ ብሎት ነበር የወጣው።»

እናትየው ውስጥ ናቸው። ጎረቤት ከቧቸዋል፤ እሳቸው ግን ጭናቸው ላይ ያለውን የሟች ሸሚዝ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ።

«እናቴ፣ ጠዋት ቤት ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ ልጄ? ልብስ ሳጥብ ነበር። የሁለቱ ልብስ ዘይት በዘይት ነው፤ እጄ እስኪላጥ ብፈትገው አይለቅም።» ቀና አሉ። «ትልቁን ለምን ያዛችሁብኝ? አንዱን ቀብሬ አንዱን ልጠይቅ እስር ቤት ልመላለስ ነው? ወንድሙን በእጁ ያሳደገ ልጅ ነው እኮ!»

 መርማሪዋ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች። ገመዱ ላይ ሱሪው ከሱሪ፣ ሸሚዙ ከሸሚዝ ጋር ተሰልፎ ተሰጥቷል። ከጫፍ በኩል ሁለት መቆንጠጫዎች ምንም ሳይዙ ገመዱን ነክሰው ቀርተዋል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነላት፤ ባይሆንላት ግን በመረጠች።

ወደ ጣቢያ ተመልሳ ትልቅየውን ለብቻው አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። «ለማን ብለህ ነው የምትታሰረው?»

«እባክዎ» አለ። «እግርዎ ላይ ልውደቅ። ይፍረዱብኝ። እኔ እችለዋለሁ።»

ፍርድ ቤት ግን ይህን ቃል ከሰማ የሚፈርድበት በነፍሰ ገዳይነት ነው፤ ዕድሜውን ይበላዋል። እናትየው ሁለቱንም ልጆቻቸውን ያጣሉ። መርማሪዋ ነገሩን ከየትኛው ወገን ብታነሳው ሌላው ወገን ይወድቃል። በመጨረሻ ሁሉንም እቤቱ ሰበሰበቻቸው። እናትየው፣ የሟች ሚስት፣ ጋሽ ብሎን፣ እና እጁ በካቴና የታሰረው ትልቅየው። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆመ።

«ይህ ሰው ገዳይ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ብሎኑን ለክፋት አላላሁት ይላል። ለክፋት ያላላ ሰው ግን አዲስ ዘይት አይሞላም፣ ማጥበቂያ ሮንዴላ ፍለጋም አይሄድም። ሮንዴላው ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። ጋሽ ብሎንም መስክረዋል።»

«እውነት ነው» አለ ባለ ጋራዡ መሬት መሬት እያየ።

«ጨርቁንም አስሮ ነበር። የዘይቱ ምልክት እጀታው ላይ አለ። ሟች ደግሞ ለሚስቱ 'ሞተሯ ተሠርታ አልቃለች' ብሏል። ሕጋቸውን አክባሪ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጨርቁን መሪው ላይ ስላላየ ነው። ስለዚህ ወንድሙ ጋራዥ ሲጠብቅ፣ እሱ ተኝቶ ሳለ ጨርቁ…»

«በቃ!» ትልቅየው ከነካቴናው ተነሳ። «ይበቃል አልኩ! አምኛለሁ አይደል? ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?»

 መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ እንዲህ አቅቷት አያውቅም።

«የቱ ጨርቅ?» አሉ እናትየው።

ሳጅኑ ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ።

«ያ የቆሸሸው ነው? እሱንማ እኔ ነኝ የፈታሁት። መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው ከነዘይቱ የልጄን እጅ እንዳይነካ ብዬ። ሌላውን ሳጥብ አብሬ አጠብኩት፤ ገመድ ላይ ሰጥቼው ደግሞ የት እንደገባ…»

የትልቁን ልጃቸውን ፊት አዩ። ከዚያ የምራታቸውን። ንግግራቸው እዚያው ቀረ፣ እጃቸው ሸሚዙን ለቀቀው።

«ሞቱን ሰምቼ ከጋራዥ ስመለስ ገመዱ ላይ አየሁት፣ እማ» አለ ልጃቸው እያለቀሰ። «እንዳታውቂ ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ ጨርቁ አንድ ቀን እንኳ አልነገርኩሽም። ስለ ሞተር ምን አገባት ብዬ።»

ምራታቸው ተነስታ ልትይዛቸው እጇን ዘረጋች፣ ግን መሃል ላይ ቆመች። ልታቅፋቸው ፈልጋ ይሁን ልትጮህባቸው እሷም አላወቀችም።

«ፍቱት» አሉ እናትየው።

ሳጅኑ ካቴናውን ፈታ።

«አሁን እኔን እሰሩኝ።»

«እናቴ፣ ለዚህ የሚሆን ሕግ የለም» አለች መርማሪዋ። «አላወቁም። ማንም አያስርዎትም።»

«ልጄ ሞቶ ጥፋተኛ የለም ትይኛለሽ?»

«አደጋ ነው።»

«አደጋ!» አሉ፤ ቃሉን የማያውቁት ይመስል። ሻርፓቸውን ከትከሻቸው ሰብስበው ተነሱ። የከለከላቸው አልነበረም። ግቢውን አቋርጠው ወጡና የፖሊሱን መኪና የኋላ በር ከፍተው ገቡ። ልጃቸው ተከትሎ ወጥቶ «ነይ ውረጂ እማ፣ ነይ ወደ ቤት» እያለ ለመነ፤ ክንዳቸውን ይዞ ሳበ። አልወረዱም። ሲያቅተው እሱም አጠገባቸው ገብቶ ተቀመጠ።

መርማሪዋ ምርመራዋን ጨርሳለች። አንድም የቀራት ጥያቄ የለም። መኪናው አጠገብ ቆማ እጇን የምታሳርፍበት ጠፋት።

ሳጅኑ መሪውን ይዞ ብዙ ጠበቀ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወዴት ልንዳ?» አላት።

እሷም አላወቀችም።