የናና ቤኔባ የእትብት ዛፎች

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፰፻፴፰ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ዝናብ፣ በጃማይካ ደሴት በትሬላውኒ አውራጃ የስቶኒ ሪጅ ርስት ሸንኮራ በአረም ተውጦ ቆሟል፤ የባርነት ዘመን ካበቃ ሁለት ወር አልፎታል፤ አራሚው ግን ወደ ማሳው አልተመለሰም። ርስቱ እከፍላለሁ ያለው ደመወዝ የማይረባ ነበርና ሰዉ በየጓሮው ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር እየቆፈረ፣ ተጠብሶ እንደ ዳቦ የሚበላውን የዛፍ ፍሬ፣ የዳቦ ፍሬውን፣ እየጠበሰ መብላቱን መረጠ፤ አገሬው ቡሻ እያለ የሚጠራው የርስቱ ሹም፣ ሚስተር ክሬግ፣ ከየጎጆው የሚወጣውን የጥብስ ሽታ ባሸተተ ቁጥር ያንገበግበው ነበር።

ከጓሮዎቹ ሁሉ የአዋላጇ የናና ቤኔባ ይሰፋል፤ እሳቸው ግን በዚህ ዓመት ተማርረዋል። በሰኔ መዝነብ የነበረበት ሳይዘንብ ቀርቶ ዱባው በአበባው ረገፈ፤ አሁን ደግሞ ሰማዩ ተቀዶ የሚጥሚጣውን ሥር አበሰበሰው።

«ድሮ ወቅት ሰው ያከብር ነበር፤ ዛሬ እሱም እንደ ቡሻ ያሻውን ያደርጋል» እያሉ ያጉረመርማሉ።

የሚያጽናኗቸው ዛፎቹ ብቻ ነበሩ። በዚያ አገር ልጅ ሲወለድ እትብቱ ተቀብሮ በላዩ ዛፍ ይተከላል፤ ዛፉም የልጁ ነው፤ የራሱን ዛፍ የቆረጠ ዕድሜውን ቆረጠ ይባላል። ናና ያዋለዷቸውን የብዙዎቹን እትብት የቀበሩት በገዛ ጓሯቸው ነበርና ማንጎውም፣ ብርቱካኑም፣ የዳቦ ፍሬውም ባለቤት ባለቤት አለው።

ቡሻ ክሬግ አንድ ማለዳ፣ መሬቱም ጎጆውም የርስቱ ነው ብሎ፣ ዛፎቹን እንዲቆርጡ የመንደሩን ሰዎች አዘዘ፤ የሚበላ ያጣ ወደ ሸንኮራው ይመለሳል ብሎ ነው። ከመጥረቢያ ያዦቹ ፊተኛው፣ በርሜል ሠሪው ሲፒዮ፣ ማንጎው ሥር ሲቆም ናና ከደጃፋቸው ሳይነሱ ተናገሩት።

«ቁረጥ፣ ቁረጥ! ያንተው ነው።»

«ምኑ ነው የኔ?»

«ማንጎው ነዋ! እናትህ ስታምጥ እኔን ስትሰድብ ውላ፣ እትብትህን እዚያው ቀበርኩት።»

ሲፒዮ መጥረቢያውን ጣለው። «ናና፣ እርግጠኛ ነዎት? ብርቱካኑ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«ከእኔ በላይ አወቅህ? ይኸው ሞክረው! መቃብርህን ግን ሌላ ሰው ይቆፍርልህ፤ እኔ ወገቤን ያመኛል።»

እውነቱን ለመናገር ማንጎው የማን እንደ ሆነ ናና ከረሱት ቆይተዋል። ቢሆንም ለመጣው ሁሉ ፊቱ ያለውን ዛፍ «ያንተ ነው» አሉት፤ ሁሉም መጥረቢያውን እየተወ ሄደ፤ ቡሻም ቢሳደብ ቢዝት የሚሰማው አጣ። ናና የዚያን ዕለት ከልባቸው ሳቁ።

በማግስቱ መጥረቢያ ይዞ የመጣው ኩዋኮ ነበር፤ የገዛ ልጃቸው።

«አንተም?»

«እማ፣ ካልቆረጥኩ ቤቱን ያፈርሱብናል። ቡሻ ምሎ ነግሮኛል። በዚህ ዝናብ የት ልትተኚ ነው?»

«ጣራውን ልበላው ነው? ዞር በል! ያ የዳቦ ፍሬ ያንተ ነው፤ እንዳትነካው!»

ኩዋኮ አንገቱን ደፋ። «የኔ በሩ ላይ ያለው ኮኮናት ነው፣ እማ። ልጅ ሳለሁ በየዓመቱ አጠገቡ እያቆምሽ ‹ማን በለጠ?› ትዪኝ ነበር። አንቺው ነሽ ያሳየሽኝ።»

ልጃቸው የራሱን ትቶ ሌላውን እስኪመሽ ቆረጠ። ማንጎው ወደቀ፤ ብርቱካኑ ወደቀ፤ የዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥሩ የተዘራውን የርግብ አተር ጨፍልቆ ተጋደመ። ኮኮናቱ ብቻውን ቀረ። ቤቱ አልፈረሰም፤ የሚበላ ግን አልነበረበትምና ኩዋኮ ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሸንኮራው ወረደ። ናና የቦዬ ዘራቸውን በቅርጫት ተሸክመው፣ ነፃ የወጡት አዲስ መንደር ወደሚቆረቁሩበት ኮረብታ ወጡ፤ ቦዬ በጥቅምት አይተከልም እያሉ፣ ዝናቡንም ልጃቸውንም እየረገሙ ተከሉት።

ታሪክ ባርነትን የሻረውን የነሐሴ አዋጅ ከነደወሉ ከነዝማሬው መዝግቦታል፤ በዚያው ዓመት የስንቱ ጓሮ በገዛ ልጆቹ እጅ እንደ ተመነጠረ ግን የጠየቀ የለም። ናና ቤኔባን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያንገበገባቸው ቡሻ ክሬግ አልነበረም፤ ለሌላው ሁሉ ዋሽተው፣ የዛፉን እውነት ለልጃቸው ብቻ አስቀድመው መንገራቸው ነበር።