የመራጩ ይሉኝታ

በላይኛው ደሴ ሰው ብስክሌት አይመርጥም፤ መራጩ ነው የሚመርጥለት። መራጭ የሚሉት በተራራ ጣቢያው አዳራሽ ግድግዳ ውስጥ የተተከለውን ተናጋሪ ማሽን ነው። ፊቱ ሲቆሙ ወለሉ ይመዝናል፤ ማሽኑም የነጂውን ክብደት ለብስክሌቱ ይነግረዋል። ቴላዮው፣ ማለትም የብስክሌቱ አጽም፣ ከለማጅ ክር የተሠራ ስለሆነ በተነገረው ልክ ይጠነክራል ወይም ይሳሳል። በዚህ የሚገረመው አገሩን የማያውቅ እንግዳ ብቻ ነው።

ሐዋ እንድሪስ ያን ቀን ጠዋት የተሰበረ ቴላዮ ተሸክማ፣ ክርኗ ተልጦ፣ በንዴት ጦፋ ገባች። ሐዋ ቀላል ሰው አይደለችም፤ በየትኛውም ትርጉሙ። የጦሳ ተራራ ነፋስ ዕቃ የሚያመላልሱትን በራሪ ማሽኖች ከገደል ጋር እያላተመ ስለሚጥላቸው፣ ከደመናው በላይ ለሚኖሩት ሰዎች መድኃኒት የምታደርሰው እሷ ናት። ይህን ሥራ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትሳሳለት። ታዲያ ብስክሌት ከሥሯ ሲሰበር ይህ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

የጣቢያው ኃላፊ ሙሄ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "ደግሞ ሰበርሽው?" አላት።

"እሱ ነው እኔን ሊሰብረኝ የነበረው!"

"አነዳድሽ ነው እኮ ሐዋ። ድንጋዩ ላይ ዝም ብለሽ ትለቂዋለሽ። አንዴ ከደገምሽ ተራራው ይቀርና መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ ትቀመጫለሽ። ትእዛዙ ከእኔ አይደለም፣ ከበላይ አለቆች የመጣ ነው።"

ሐዋ ቴላዮውን ወለሉ ላይ ወረወረችው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ደንግጦ ዞረ። እሷ ግን ማንንም ሳታይ ሄዳ መራጩ ፊት ተገተረች።

"እንኳን ደህና መጣሽ እታለም" አለ መራጩ፣ ማር በሚያንጠባጥብ ድምፁ። ጎማው የቀጠነ፣ ቴላዮው ሸንበቆ የመሰለ ብስክሌት ከግድግዳው ወጣ። ያው የተሰበረው ዓይነት ነው።

"ስንት ኪሎ ነኝ?" አለችው።

"አብሽሪ፣ አንቺ ደግሞ ምን አለሽና!"

"ቁጥሩን ንገረኝ!"

"ሰማንያ... ቢበዛ ሰማንያ አምስት።"

ሐዋ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። "መቶ ሠላሳ ነኝ! የእህል ሚዛን ላይ ወጥቼ አይቻለሁ። ወለልህ ተበላሽቷል?"

"ወለሉ ደህና ነው። መቶ ሠላሳ መሆንሽን አውቃለሁ።"

"ለብስክሌቱስ ስንት ነው የምትለው?"

"ሰማንያ አምስት።"

"ለምን?"

"ይሉኝታ ይዞኝ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

"ከአገሩ ሰው ነው የተማርኩት" አለ መራጩ። "እዚህ ሰውን ፊት ለፊት ወፍራም ነህ አይሉትም፤ ዞር ሲል ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ የምኖረው ፊት ለፊት ብቻ ነው። ሙሄም ከመጀመሪያው ስብራት ጀምሮ ያውቃል።"

ሐዋ ወደ ሙሄ ዞረች። ሙሄ ጫማውን ያያል። "ምን ብዬ ልንገርሽ? እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው" አለ።

"እንዳይከፋኝ!" ድምጿ ጣሪያውን ነካ። "ገደል አፋፍ ላይ ብስክሌቱ ለሁለት ሲከፈል ከፍቶኝ ነበር ሙሄ! መንዳት አትችልም ብለህ ስሜን ስታጠፋው ሳታፍር፣ ኪሎዬን መጥራት አሳፈረህ? እኔ እንደሆንኩ ተሸክሜው ነው የምውለው፤ ብትነግረኝ አዲስ ነገር መሰለህ?"

ሐዋ ወደ መራጩ ተመለሰች።

"ለብስክሌቱ ንገረው" አለችው። "ጮክ ብለህ።"

"መቶ ሠላሳ!" አለ መራጩ።

ቴላዮው ሲጢጥ እያለ ወፈረ። ቸርኬው ሰፋ፣ ጎማው ደለበ፣ የፍሬኑ ዲስክ ትልቅ ሰሃን አከለ፣ ሞላውም ጠጠር አለ። ከበድ ያለ ብስክሌት ነው፤ ሽቅብ ሲነዱት ማልፋቱ አይቀርም። ሐዋ ግን ላዩ ላይ ወጥታ በሙሉ ኪሎዋ ብትነጥርበት ንቅንቅ አላለም። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር። በንዴት እንባዋ መጣ።

"ከዛሬ ወዲያ ይህ ማሽን ማንንም እንዳያባብል!" አለች። ሙሄ ተነስቶ በመራጩ ጎን ያለውን የማባበያ ማብሪያ አጠፋው።

ቀጣዩ ባለተራ ጋሽ ይመር የሚባሉ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። እስትንፋሳቸው ያፏጫል። ወለሉ ላይ ቆመው፣ "ልጄ ከደመናው በላይ ወልዳለች" አሉት መራጩን። "የልጅ ልጄን ልሳም ብዬ ነው። ይህ ልቤ አቀበቱን ይችለዋል?"

ወለሉ የልብ ትርታም ያዳምጣል። መራጩ፣ "ጋሽ ይመር፣ ልብዎ..." ብሎ ጀመረ።

"ኧረ እንዴት አይችለው!" አለች ሐዋ አቋርጣው። "እርስዎ እኮ ገና ጎረምሳ ነዎት!"

ያለችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱት። "አንቺን ማን ጠየቀሽ?" ድምፃቸው በቁጣ ተንቀጠቀጠ። "የሚያባብለኝ ቤቴ ሞልቷል! መንገድ ላይ ብቻዬን የምወድቀው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

ሐዋ ጠዋቱን ሙሉ ስትቆጣ ነበር። አሁን የምትቆጣው ሰው አጣች።

"ንገራቸው" አለችው መራጩን ቀስ ብላ። ሲነግራቸው ግን ፊታቸውን ላለማየት ዞር አለች።