ያልተነበቡት አርባ ደብዳቤዎች

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ይህን ያሉት ሰዎች፣ የተጻፈን ነገር ቢያንስ አንድ ሰው ሳያነበው እንደማይቀር አምነው ነበር።

ጥር 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከደብረ ማርቆስ የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቅ አንዲት የወረዳ ከተማ፣ የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤቱ የሰነድ ባለሙያ ዘመንፈስቅዱስ በመዝገብ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አስከሬኑ በመደርደሪያው መሰላል ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ከመሰላል ወድቆ ነው ተባለ። ሐኪሙ ግን ስብራቱ ከማጅራቱ በላይ መሆኑን አየ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ከባድ የብረት ወረቀት መብሻ ከቁስሉ ጋር ሲያስተያየውም ገጠመ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለነበረና ሁለት ቀን ስላለፈ፣ ሰውየው ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንደሞተ ሊወስን አልቻለም።

ሰዓቱን የወሰነው ኮምፒውተሩ ነው። በእርሱም ምክንያት የሃያ አራት ዓመቷ ጸሐፊ መቅደላዊት ታሰረች። ኢንስፔክተር የብርጓል ጉዳዩን እንድታጣራ ከደብረ ማርቆስ የተላከችው አንድ ወር ካለፈ በኋላ፣ የካቲት 19 ቀን፣ ሐሙስ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ በሚቀጥለው ሰኞ ልጅቷን በነፍስ ግድያ ለመክሰስ ተዘጋጅቷል። የብርጓል ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲናገር ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። አራት ቀን ነበራት።

በመጀመሪያ ያነጋገረችው የኮምፒውተር ባለሙያውን እንዳላማውን ነው። ወጣቱ ነገሩን ከሥሩ አስረዳት። ጽሕፈት ቤቱ የይዞታ ውሳኔ ደብዳቤዎችን የሚያወጣው በማክሮ ነው፤ ማክሮ ማለት ኮምፒውተሩ ከዝርዝር ላይ ስም እያነሣ፣ ደብዳቤ እየሞላና እያተመ፣ የተደጋገመውን ሥራ በራሱ እንዲፈጽም የሚታዘዝበት ጽሑፍ ነው። የጻፉት እርሱና ሟቹ ናቸው። ዘመንፈስቅዱስ ግን በልጅነቱ በመርጡለ ማርያም ብራና ሲገለበጥ እያየ ያደገ ሰው ነበርና፣ ማክሮው ሳይቆም እንዳይሄድ ግድ አለ። በዚያ ልማድ የተገለበጠ መጽሐፍ የሚታረመው በሁለት ሰው ነው፤ አንዱ አዲሱን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ጣቱን በጥንቱ ላይ አድርጎ ይሰማል። ስለዚህ ማክሮው በየደብዳቤው ይቆማል። አንባቢው ከስክሪኑ ያነባል፤ አዳማጩ የባለይዞታውን የወረቀት ማኅደር ከፍቶ ይከተላል። ማሽኑ ከመሬቱ አራት አዋሳኞች አንዱን መርጦ ይጠይቃል፤ መልሱ ከማኅደሩ ታይቶ ይጻፋል። መልሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው ዝርዝር ጋር ካልተስማማ ደብዳቤው አይታተምም። ከተስማማ ግን የአንባቢው ስም፣ የአዳማጩ ስምና ሰዓቱ ከግርጌው ይወጣሉ።

«በቀን ስንት ታወጡ ነበር?» ስትል ጠየቀችው።

«ቢበዛ አሥራ አምስት። ኃላፊው ‹ይህ ማሽን ነው ወይስ የቆሎ ተማሪ?› እያሉ ያፌዙብን ነበር።»

በዚያ ቅዳሜ ግን አርባ ደብዳቤ ወጥቷል። የመጀመሪያው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ፣ የመጨረሻው ለአሥራ አንድ ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ታትሟል። በሁሉም ግርጌ «ያነበበ ዘመንፈስቅዱስ፣ ያዳመጠ መቅደላዊት» የሚል አለ። አርባዎቹም ደብዳቤዎች የመበለቶች፣ የወላጅ አልባ ልጆችና አገር ለቀው የሄዱ ሰዎች መሬት ለሌላ ሰው መተላለፉን የሚነግሩ ናቸው። ሠላሳ አንደኛው የተጻፈው ለመቅደላዊት እናት፣ ለወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ነበር። የወረዳው ፖሊስ የደመደመው ከዚህ ተነሥቶ ነው፦ ሟቹ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ በሕይወት ነበር፤ አብራው የነበረችው እርሷ ብቻ ናት፤ የእናቷን መሬት ሲያስተላልፍ አይታ መታችው።

መቅደላዊት ከጣቢያው እስር ክፍል ወጥታ የብርጓል ፊት ስትቀመጥ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል ነበር።

«ጋሼ ዘመንፈስቅዱስ ለንባብ ጠርተውኝ ነበር» አለች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስሁ። በሩ ዝግ ነው። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ፕሪንተሩ ሲሠራ ግን ይሰማኛል። ተቀይመውኝ ነው ብዬ ግማሽ ሰዓት ደጁ ላይ ቆሜ ተመለስሁ።»

«ለምን ይቀየሙሻል?»

«ዓርብ ዕለት ሳልሰማ ‹ሰምቻለሁ› ብያቸው ነበር። ‹ያልሰሙትን ሰማሁ ማለት በሐሰት መመስከር ነው› ብለው ተቆጡኝ። ሳለቅስ ሰው አይቶኛል፤ ይህንንም በክሱ ጻፉት።»

«የእናትሽ መሬት ከዝርዝሩ መግባቱን ታውቂ ነበር?»

«ታኅሣሥ ላይ አብረን አየነው። አርባዎቹም ማኅደራቸውና ዝርዝሩ ስላልተስማሙ ቆመው ነበር። ‹እኔ እያለሁ አይወጣም፣ አትፍሪ› አሉኝ።»

የግቢው ዘበኛ አወቀ የልጅቷን ቃል አጸናላት። ቅዳሜ ጠዋት ሟቹና ኃላፊው አቶ አስማማው ገብተዋል፤ አቶ አስማማው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ፤ መቅደላዊት ዘጠኝ ሰዓት መጥታ ዘጠኝ ተኩል ሄደች፤ እንዳላማው በዚያ ቀን ደጁንም አልረገጠም። ፖሊስ ይህን ሲሰማ ዘበኛው ተኝቶ ነበር ብሎ አልፎታል።

«ተኝተው ነበር ይላሉ፣ ጋሽ አወቀ።»

«እውነታቸውን ነው፣ እሜቴ። ሌሊት እተኛለሁ፤ ለሱ ነው ደመወዝ የሚከፈለኝ። ቀን ግን ይህ የመኪና ጡሩምባ መች ያስተኛል?»

አቶ አስማማው በቢሮው በአክብሮት ተቀበላት። በዚያ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቶ ወደ ሉማሜ ለዘመድ ሰርግ መሄዱን፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደርሶ እስከ ማታ ከታዳሚው ጋር መቀመጡን ነገራት፤ ሃያ ምስክር መጥራት ይችላል። የመዝገብ ቤቱ በር ሲስቡት በራሱ የሚቆለፍ ስለሆነ፣ ማን ዘግቶት እንደወጣ ለማወቅ አስቸጋሪ መሆኑንም አሳሰባት።

«ሲወጡ ሟቹ ምን ይሠራ ነበር?»

«እንደ ወትሮው ነዋ፤ ማጽደቅ። ደብዳቤው ይመጣል፣ ‹አዎ› የሚለውን ይጫናል፣ ሌላው ይመጣል።»

የብርጓል ቃሉን እንደወረደ ጻፈችው።

ዓርብ ሙሉ ቀን በመዝገብ ቤቱ አሳለፈች። የአርባዎቹን ደብዳቤዎች ቅጂና ማሽኑ መዝግቦ የያዘውን መልስ አወጣች፤ አርባዎቹንም ማኅደሮች ከመደርደሪያ አስወረደች። ለብቻዋ ጀምራ ጥቂት እንደሄደች ዓይኗ መስመር ሲዘል ታወቃት። አወቀን ከበሩ ጠርታ አስቀመጠችው። እርሱ አነበበ፤ እርሷ ጣቷን በማኅደሩ ላይ አድርጋ ሰማች።

«ድምፅዎ ያምራል» አለችው፣ እኩሌታው ላይ ሲደርሱ።

«ዲያቆን ነበርሁ፣ እሜቴ። ድቁናው ሄደ፣ ድምፁ ቀረ።»

አርባውን ሲጨርሱ መሽቶ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 23 ቀን ጠዋት፣ ሁሉንም በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስማማው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እንዳላማው ግድግዳውን ተደገፈ፤ አወቀ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። መቅደላዊት በሁለት ፖሊሶች መካከል ነበረች። የብርጓል ኮምፒውተሩን ከፈተችና አስማማውን አንድ ደብዳቤ እንዲያሳልፍላት ጠየቀችው።

እጁ ማውዙን ይዞ በስክሪኑ ላይ ተንከራተተ። ‹አዎ› የሚል የለም። «የምዕራብ አዋሳኝ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ብቻ ቆሞ ይጠብቀዋል።

«ይህ አዲስ ነው እንዴ?» አለ።

«ዓመት ከመንፈቅ ሆነው» ሲል እንዳላማው ሳይጠየቅ መለሰ።

«አቶ አስማማው ከዚህ ማሽን የወጣውን ሁሉ ይፈርሙበታል እንጂ ንባቡ እንዴት እንደሆነ አንድ ቀን ተቀምጠው አላዩም» አለች የብርጓል። «ቅዳሜም አላዩም። አርባዎቹ ደብዳቤዎች የወጡት በየሰባት ደቂቃው ነው። አንድም ጊዜ ስድስት፣ አንድም ጊዜ ስምንት የለበትም። ሁለት ሰዎች ማኅደር እየፈለጉ፣ እየከፈቱ፣ እያነበቡ አርባ ጊዜ እኩል አይሄዱም። ደግሞ ከማኅደር ተነበቡ የተባሉትን መልሶች ከማኅደሩ ጋር አስተያየሁ። አርባውም ማኅደሩ ከሚለው ይለያሉ፤ አርባውም ከኮምፒውተሩ ዝርዝር ጋር አንድ ናቸው። ማሽኑ ራሱ ጠይቆ ራሱ መልሷል። ያነበበ ሰው የለም።»

«ስሟ ተጽፏል» አለ አስማማው።

«ሠላሳ አንደኛው ደብዳቤ ላይም ተጽፏል። እናቷን መሬት የሚያሳጣውን ደብዳቤ አዳምጣ አጸደቀች፤ ከዚያም ዘጠኝ ደብዳቤ በትዕግሥት ሰማች ማለት ነው። ደብዳቤውን አንብበው ፈርመው ቢሆን ይህን ያዩት ነበር። እንዳላማው፣ ስሙ ከየት መጣ?»

ወጣቱ ጫማውን እያየ ተናገረ። ታኅሣሥ ላይ ኃላፊው የማይቆም ማክሮ እንዲሠራለት አዞት ነበር፤ ለጥድፊያ ቀን ነው ብሎ። ፕሪንተሩ ወረቀት እንዳይነክስ በሚል የሰባት ደቂቃ ክፍተት ያስገባውም በእርሱ ትእዛዝ ነው። ያ ማክሮ የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ፣ በግርጌው የሚያወጣው በመጨረሻ ያነበቡትን የሁለቱን ሰዎች ስም ነው፤ የዓርቦቹን። በፍላሽ አድርጎ ለአቶ አስማማው በእጁ ሰጥቷል።

«ይህን ለፖሊስ ለምን አልነገርህም?»

«አልጠየቁኝም» አለ። ቀጥሎም «ሥራዬን ፈርቼ ነው» አለ።

መቅደላዊት አየችው፤ አንድ ወር ሙሉ የታሰረችበትን ምክንያት እንደዚያ ባለ አጭር ቃል ሰማችው።

«ፍላሽ የያዘ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?» አለ አስማማው። «በዚያ ሰዓት ሉማሜ ነበርሁ።»

«በአሥራ አንድ ሰዓት ሉማሜ ነበሩ። ማሽኑ ግን የተነሣው በስድስት ሰዓት ከሃያ ነው። የወጡት ስድስት ሰዓት ተኩል መሆኑን እርስዎም፣ ጋሽ አወቀም ነግራችሁኛል። ሲነሣ በዚህ ክፍል የነበራችሁ እርስዎና ዘመንፈስቅዱስ ናችሁ፤ ሌላ ሰው በበሩ አልገባም። ያንን አርባ ደብዳቤ ከታኅሣሥ ጀምሮ አቁሞ የያዘ ሰው፣ ትንፋሹ ቢኖር ኖሮ፣ ሳይነበብ ሲታተም ቁጭ ብሎ አያይም። ገመዱን ይነቅለው ነበር። ስለዚህ ከስድስት ሰዓት ከሃያ በፊት ሞቷል።»

አስማማው የማውዙን ገመድ በጣቱ ላይ ሲጠመጥም ቆይቶ ለቀቀው።

«አንድ ደብዳቤ ብቻ አሳልፍልኝ አልሁት» አለ። «አንድ ብቻ፤ ቃል የገባሁለት ሰው ነበረ። ‹እስቲ ማኅደሩን እንየው› ብሎ ወደ መሰላሉ ዞረ።»

«የእናቴን ነበር?» ስትል መቅደላዊት ጠየቀች።

አስማማው ሃያ ዓመት ተፈረደበት። መቅደላዊት በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተፈታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። አርባዎቹ ደብዳቤዎች በአስማማው ፊርማና ማኅተም ጥር 20 ቀን ለየባለቤቱ ደርሰው ነበር፤ ቅሬታ ማቅረቢያው ሠላሳ ቀን ሲሆን፣ ያበቃው ዓርብ፣ የካቲት 20 ነው። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ማንበብ አይችሉም። ልጃቸው ስትፈታ ታነብልኛለች ብለው ደብዳቤውን በሣጥን አስቀምጠውት ነበር። መቅደላዊት ቅሬታውን ጽፋ ስታቀርብ፣ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤው ፊርማና ማኅተም ያለው ነው፣ ጊዜውም አልፏል ሲል በጽሑፍ መለሰ። በዚያ ክረምት መሬታቸውን ሌላ ሰው አረሰው።