ግድግዳ የሚወጡ ጣቶች

ኪሮስ ዱቄት ለብሶ ተጋድሟል። አሥራ ስምንት ዓመት ዱቄት ለብሶ ቆሞ ለኖረ ሰው፣ አዲሱ ነገር መጋደሙ ብቻ ነበር። ላዩ ላይ ሦስት ጆንያ ወድቆበታል።

ኢንስፔክተር ሰርክአዲስ አፍንጮ በር ካለው ዳቦ ቤት ስትደርስ፣ የሟቹ ባልደረባ መድኃኔ በካቴና ታስሮ ቆሟል። የመሰከሩበት የዳቦ ቤቱ ባለቤት አቶ ፍስሃ ናቸው።

«በዓይኔ አይቻለሁ! ኪሮስ ቀኝ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ ከክምሩ ጫፍ ጆንያ ሲያወርድ፣ ይሄ ከኋላው ናደበት። ትናንትም ሲጣሉ ነበር።»

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው መድኃኔን።

«አልናገርም። ለኪሮስ ምዬለታለሁ።»

«ሰውየው እኮ ሞቷል።»

«ለእኔ አልሞተም፤ እዚያ ጥግ የቆመ ይመስለኛል።»

ሰርክአዲስ ወደ ጥጉ ዞረች። የዱቄት ጣቶች ግድግዳውን እንደ ሸረሪት ከወገብ ጀምረው ሽቅብ ወጥተዋል። ረድፋቸው ብዙ ነው፤ ከደረት በላይ ያለፈ ግን አንድም የለም።

«ይሄ ምንድን ነው፣ አቶ ፍስሃ?»

«አይጥ ይሆናላ!»

«የአራዳ አይጥ ብዙ ይችላል፤ የሰው ጣት ግን አላበቀለም።»

ሊጥ የምትቆርጠው ወይኒ አለቃዋን አየች፤ ከዚያ የመድኃኔን ካቴና።

«እትዬ፣ የኪሮስ ናቸው። ቀኝ ትከሻው ከደረቀ ዓመት አለፈው። ሐኪም ጣትህን በግድግዳ አራምድ ብሎት ነበር፤ ከደረቱ በላይ ግን እምቢ አለው። የላይኛውን ጆንያ እሳቸው ሳያዩ የምናወርድለት እኛ ነን። እዚሁ ይሠራ የነበረውን ገብረሕይወትን፣ ወገቤን አመመኝ ቢል በማግስቱ ነው ያባረሩት። ትናንትም መድኃኔ "ተናገርና እረፍ" ቢለው ነው የተጣሉት።»

ሰርክአዲስ ሁሉንም በማቡኪያው ማሽን ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«የኪሮስ እጅ እንደማይነሳ መድኃኔ ያውቃል። ወይኒም ታውቃለች። የማያውቀው ነገሩ የተደበቀበት ሰው ብቻ ነው። እርስዎ፣ አቶ ፍስሃ፣ የማይነሳ እጅ ሲነሳ በዓይንዎ አዩ! ሟቹ የተመታው ማጅራቱን ነው፤ ጆንያ ደግሞ እንዲህ አይሰነጥቅም። ይህ ማሽን ሁለንተናው ዱቄት ነው፤ ይሄ ጠርዙ ብቻ ለምን ታጠበ?»

አቶ ፍስሃ የታጠበውን ጠርዝ በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«የእሑድ ዕረፍት ስጡን አለኝ... ገፋሁት። መግፋት ብቻ። ጆንያውን በኋላ ነው የናድኩበት።»

ካቴናው ከመድኃኔ ወጥቶ ወደ እሳቸው ዞረ። ፖሊሶቹም ወሰዷቸው።

«መድኃኔ፣» አለች ወይኒ በሹክሹክታ፣ «እኔንም የእጄን አንጓ ያመኛል። ሁለት ዓመቱ።»

«አውቃለሁ። ሊጡን በክርንሽ ስትጫኚ አያለሁ።»

የሚሰማት አለቃ እንደሌለ ትዝ ሲላት ጮክ ብላ ደገመችው።